የወረርሽኝ ዕቅድ ከየት ልጀምር ላለችው እህታችን፦ ከፔሮሉ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ኅዳር 5 ቀን 2018 ደቡብ ኢትዮጵያ ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ውጭ አገር ያለው ዋና መሥሪያ ቤታችሁ ወፍራም የእንግሊዝኛ ሰነድ ላከልሽ። ለ2,000 ሠራተኛ የወረርሽኝ ዕቅድ አዘጋጂ ተባልሽ። «ትልልቆቹ ኩባንያዎች በእውነት ምን ያደርጋሉ? እኔስ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። ኮሮና የገባ ጊዜ አንድ የውጭ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ደኅንነት ኃላፊ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። በሳምንቱ ለእኛም ሰነድ መጣልን። ጥሩ ሰነድ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ግማሹ ከቤት ሆኖ ስለመሥራት ነው የሚያወራው። የስፌት መኪና ተሸክሞ ቤት የሚሄድ የለም። ሳኒታይዘር ገዛን። የአሻራ መፈረሚያውን ዘጋን። ሰርቪሶቹ በግማሽ እንዲጭኑ አደረግን። በር ላይ የሙቀት መለኪያ የያዘ ጥበቃ ቆመ። ፎቶ አንስተን ላክን፣ ከላይ ምስጋና መጣልን። እኔም ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክሊኒካችን ሲስተር ጠራችኝ። አንዲት ልጅ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ተዝለፍልፋ ወድቃለች። ሰውነቷ እሳት ነው። ጠዋት በር ላይ ግን አልተያዘችም። ለካ ፓራሲታሞል ውጣ ነው የገባችው። ለምን ቤትሽ አልቀረሽም አልኳት። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ከቀረሁ የወሩ አቴንዳንስ ይቀርብኛል። የቤት ኪራዬን የምከፍለው በእሱ ነው» አለችኝ።

ምርመራዋ ነፃ ሆነ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በር ላይ ሙቀት የምንለካው እኛ ነን። ትኩሳቱን እንዲደብቁ የምንከፍላቸውም እኛው ነን። ሲስተር ቀስ ብላ ሌሎቹን ስትጠይቅ፣ እንደዚያ ያደረገችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

አቴንዳንስ የምንለው ወሩን ሳይቀር ለሠራ ሰው የሚጨመረውን ክፍያ ነው። ይህ በሕመም ለቀረ ሰው እንዳይቆረጥ ለማስፈቀድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «ሁሉም አመመኝ ብሎ ይቀራል» ተባልኩ። የመጀመሪያው ሳምንት እውነትም ቀሪ በዛ። ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ትልቁ ለውጥ ግን ስልክ መምጣት መጀመሩ ነው። ሰው አሞኛል ብሎ ሌሊት ለሲስተር ይደውል ጀመር። በሽታ መግባቱን ቀድመሽ የምታውቂው በዚህ ነው። የትኛውም መሣሪያ ይህን አይተካውም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልምጣ። እኔ ሁሌ የማነሳው ፋየርስቶንን ነው፣ የጃፓኑ የመኪና ጎማ አምራች ብሪጅስቶን ንብረት የሆነውን። ላይቤሪያ ውስጥ ሃርቤል በሚባል ቦታ ከእ.ኤ.አ. 1926 ጀምሮ የጎማ ዛፍ እርሻ አለው። ኢቦላ ሲመጣ 8,500 ሠራተኞች ነበሩት። በኩባንያው ሕክምና የሚጠቀመው ሰው ግን ከነቤተሰቡ 80,000 ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2014 የአንድ ሠራተኛ ሚስት ኢቦላ እንደያዛት ተነገራቸው። ሎፋ በሚባለው አካባቢ የታመመ ዘመዷን አስታምማ ነበር።

ለኢቦላ የተዘጋጀ ነገር አልነበራቸውም። ዋና ከተማው ሞንሮቪያ ውስጥ የሚቀበላት ሆስፒታል ፈልገው አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ለይቶ ማከሚያ አዘጋጁ። ኬሚካል ቢፈስ ብለው ያስቀመጡትን መከላከያ ልብስ አውጥተው ለበሱ። ከእሷ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ለይተው ተከታተሉ። ሴትየዋ ሞተች። ከቤተሰቧም፣ ካከሟትም ሰዎች ግን የተያዘ አልነበረም።

ክፉው ጊዜ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ከኦገስት 1 እስከ ሴፕቴምበር 23 ባለው ጊዜ 71 ሰዎች ታመሙ። በላቦራቶሪ ከተረጋገጠላቸው 57 ሰዎች 39ኙ ሞቱ። ከባድ ሐዘን ነው። ግን በዙሪያቸው ያለው አገር እየነደደ፣ ከ80,000 ሰው መካከል ነው ይህ የሆነው። የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን ለይቶ ማቆያ አደረጉ። መምህራኑ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን አስተማሩ። ንክኪ የነበረው ሰው እንደ ሁኔታው ቤቱ ወይም ማቆያው ገብቶ እንዲቆይ አማራጭ ሰጡት። የዳኑትን ደግሞ ወደ ሰፈራቸው የሚመልስ፣ ጎረቤት እንዳያገልላቸው የሚያነጋግር ቡድን ነበራቸው። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። ሰው ሲድን ተመልሶ የሚገባበት ቤትና ሥራ እንዳለ ካላየ፣ የሚቀጥለው በሽተኛ ይደበቃል።

ጋና ኦቡዋሲ ያለው የአንግሎጎልድ አሻንቲ የወርቅ ማዕድንም ወባን ለመከላከል ሲነሳ የሠራተኛውን ቤት ብቻ አልረጨም፣ ከተማውን ነው የረጨው። ትንኝ መታወቂያ አትጠይቅም።

አሁን አንቺ «እኛ እኮ የራሳችን ሆስፒታል የለንም» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ። ፋየርስቶን ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም የራሱ ነበር። የእኛ ሠራተኛ አንድ ክፍል ለአራት፣ ለአምስት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ፋብሪካው በሰርቪስ ያወርዳታል፣ ከዚያ በኋላ አያውቃትም። ስለዚህ አንዷ ብትታመም አብረዋት የሚያድሩት የት እንደሚሄዱ ዛሬ መወሰን አለበት። ከጤና ጣቢያው፣ ከቀበሌው፣ ከጤና ኤክስቴንሽኖቹ ጋር ተገናኚ። አከራዮቹንም አትርሺ። እኛ ጋ ተመርምራ ነፃ የሆነችን ልጅ አከራይዋ ዕቃዋን ደጅ አውጥታባት ነበር። ሲስተርና እኔ ሄደን ለምነን ነው የመለስናት።

ወደ ሕጉ ስትመጪ ሁለት ክፍተት ታገኛለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጥሎ ያለው 2 ወር 50 በመቶ ይከፈላል፣ የመጨረሻው 3 ወር ክፍያ የለውም። ይህ ግን የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። በእኛ ዓይነት ፋብሪካ ሰው በየጊዜው ይለቃል፣ በየጊዜው ይቀጠራል። ስለዚህ ሙከራ ላይ ያለው ብዙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማርበርግን በቀጥታ ይመለከታል። በሽታው ከተያዙ በኋላ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ነው ምልክት የሚያሳየው። ንክኪ ያለው ሰው 21 ቀን ክትትል ይደረግበታል። ይህ ሰው ጤነኛ ነው፣ የሕመም ወረቀት አያገኝም። የ21 ቀኑን ደመወዝ ማን ይከፍለዋል? ይህን ለዋና መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። በቃል «እናያለን» ከተባልሽ ዕቅድ የለሽም።

ሰነዱ ላይ ያለውን የማስክና የርቀት ነገር እንዳለ አትገልብጪው። የኮሮና ጊዜ ቅጂ ይመስለኛል። ማርበርግ የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ነው። የሚያሰጋሽ ክሊኒኩ፣ መጸዳጃ ቤቱና ቆሻሻው ነው። እነዚህን የሚያጸዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኤጀንሲ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። የእኛ ዕቅድ ውስጥ ስማቸው አልነበረም። ጓንት እንኳ የሚቆጠረው ለእኛ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ሲስተራችሁም የተጠረጠረ ሰው ስታገኝ ራሷ ለማከም አትሞክር። ለብቻው ክፍል አስገብታ፣ ሰው እንዳይነካው አድርጋ፣ ወዲያው ለጤና ቢሮ ትደውል። የምትደውልበትን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌሊት ማን ይወስናል? የሌሊት ሺፍት ላይ አንድ ሰው ደም ቢያስመልስ ላይኑን፣ ማለትም የምርት መስመሩን፣ የሚያቆመው ማን ነው? እኛ ጋ ሱፐርቫይዘሩ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቃል፣ ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ይደውላል። እዚያ ደግሞ ሰው ተኝቷል። ፋየርስቶን መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ምላሹን የሚመራ አካል ማቋቋም ነው። ለእናንተም ላይኑን ለማቆም ማንንም የማይጠይቅ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ተተኪም ይኑረው።

ሰኞ ስትገቢ ሰነዱን ለጊዜው ዝጊውና ፔሮሉን፣ የደመወዝ መዝገቡን፣ ክፈቺ። ሙከራ ላይ ያሉት ስንት ናቸው? በኤጀንሲ የመጡትስ? አቴንዳንሱ ከወር ገቢያቸው ስንት ስንተኛው ነው? ቁጥሮቹን ስታገኚ እዚሁ ጻፊልን። ያኔ ከሲስተር ጋር ያዘጋጀነው ባለ አንድ ገጽ የንክኪ መመዝገቢያ አሁንም አለኝ፣ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።