ዋልካ ካለ ቆሻሻ መቅበር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከባህር ዳር ነኝ። ሰፈራችን አጠገብ ወንዙ ሸለቆ ውስጥ የቆሻሻ መቅበሪያ ሊሰራ ነው አሉ፣ አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም ይሉናል፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። እርጥብ ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ ግን በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ደሞ የቆሻሻውን ፍሳሽ በዛው ስንጥቅ ይዞት ይወርዳል። ከስሩ ያለው ደሞ ቀዳዳና ስንጥቅ የበዛበት ባዛልት ነው፣ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጮችም የሚፈልቁት ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው እኮ! የአሜሪካ ደንብ እንኳ ወደ 60 ሳ.ሜ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈርና በላዩ ላስቲክ ይጠይቃል፣ የተፈጥሮ አፈር አለ ብሎ አይተውም። ወንዝ ዳር ሲሆን የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው የሚገኝበት ጥልቀት በነሐሴና በመስከረም ይለካ፣ ሚያዝያ ላይ ብቻ ለክተው ደረቅ ነው ካሉዎት አይቀበሏቸው።