ልጆች ይዞ ወንዝ ወርዶ መዋኘት፦ ጠይቁኝ

ወንዝ ላይ ነፍስ አድን ሆኜ ብዙ አመት ሰርቻለሁ። ቤተሰብ ይዛችሁ በእግር ሄዳችሁ ለመዋኘት ያሰባችሁ ጠይቁ፣ ግን የልጆቹን እድሜና ውሃው የቆመ ይሁን የሚሄድ ንገሩኝ።

የመንትዮች እናት፦ ልጆቼ 6 አመታቸው ነው፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቀኑ ፀሃይ ከሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናንተ ጋ ፀሃይ መሆኑ ምንም አይነግርሽም። ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደራሽ ሆኖ ይመጣል፣ ገደል መሃል ካገኛችሁ ደግሞ መውጫም የለም፣ ስለዚህ የአየር ትንበያውን ወንዙ ከሚነሳበት ጀምረሽ እዪ። እዛ ስትደርሱ አንድ ትልቅ ሰው ውሃ አይግባ፣ ስራው ውሃውን ማየት ብቻ ይሁን። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መውረድ ከጀመረ፣ ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ፣ ልብሱም ጫማውም ይቅር! በኃይል የሚሄድ ውሃ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ሰው ይጥላል።

መንገደኛው፦ ምን አይነት ጫማ?

መልስ፦ የማይወልቅ፣ የማያንሸራትት። ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ኪያ፦ አምና ከቋጥኙ ላይ ዘለን ነበር፣ ዘንድሮም ይቻላል?

መልስ፦ አምና የዘለላችሁበት ወንዝ ዛሬ የለም፣ ጎርፍ ድንጋይና ግንድ አንከባሎ ስሩን ቀይሮታል። መጀመሪያ ቀስ ብለህ ገብተህ ፈትሽ፣ በጭንቅላት መዝለል ግን ፈትሸህም ቢሆን አይሆንም።

ዳኒ፦ ጥሩ ቦታ ጠቁመን

መልስ፦ እድሜ? ውሃው? ላይ ምን ብዬ ነው የጀመርኩት?

አባ ናቲ፦ የኔ ልጅ ገንዳ ውስጥ 50 ሜትር ይዋኛል፣ ላይፍ ጃኬት ማልበስ ልጅን ፈሪ ማድረግ ነው

ሰላም፦ ገንዳ ውስጥ ማን ይገፋዋል? ወንዝ እኮ ይወስዳል

አባ ናቲ፦ እኛ ያለሱ አይደል እንዴ ያደግነው

ሰላም፦ ያላደጉትን ማን ይቁጠራቸው

ኪያ፦ በአየር የሚነፋው ጎማ አይበቃም?

መልስ፦ ቆዩ። የሚነፋው መጫወቻ ነው፣ ይገለበጣል ይንሸራተታል፣ ላይፍ ጃኬት በልኩ ይልበስ። አባ ናቲ፣ የወንዝ ውሃ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ገና ሲገባ ሳያስበው አየር ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው፣ ዋና መቻል እዛ ጋ አያድነውም። ፏፏቴ ስር ያለው ነጭ አረፋ አየር ስለበዛበት ሰው አያንሳፍፍም፣ አታስጠጉት። ይሄንን ደግሞ ቤት ውስጥ አለማምዱት፦ ውሃው ከወሰደህ በጀርባህ ተኛ፣ እግርህን ወደፊት አንሳ፣ ለመቆም አትሞክር። ለመቆም ሲሞክር ነው እግሩ ድንጋይ ስር የሚያዘው፣ ከዛ ውሃው ገፍቶ በፊቱ ይደፋዋል፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ ሰው የሚሰምጠው እንደዚህ ነው።

ሜሪ፦ ዝናብ ከሌለ ግን ሰላም ነው አይደል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብቢ። ከላይ ይዘንባል፣ ሲደፈርስ ውጡ።

መንገደኛው፦ ውሃው ይጠጣል?

መልስ፦ ጥርት ማለቱ ንፁህ አያደርገውም። 1 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ።

የመንትዮች እናት፦ ውሃውን የሚያየው ሰው እናቴ ብትሆንስ? ዋና አትችልም።

መልስ፦ ውሃውን ለማየት ይሆናሉ፣ ድምፃቸው ይሰማ እንጂ። ስልክ እጃቸው ላይ አይኑር፣ አይን ስለሚደክም በየ20 ደቂቃው ተቀያየሩ። ልጆቹን ግን ለሳቸው እንዳትተዪ፣ አንቺ ውሃው ውስጥ እጅሽ የሚደርስበት ርቀት ላይ ሁኚ፣ ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም።