ለ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ የስፓኒሽ መጽሐፍ

እህቴ፣ ስፓኒሽ ለምትጀምር የ14 ዓመት ልጅሽ ምን መጽሐፍ እንደሚሻል ጠይቀሻል። የሕፃናት ተረት እንዳትገዢላት። ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ተረት በአብዛኛው የሚተረከው ባለፈ ጊዜ ግስ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ የሚይዘው የአሁኑን ነው። ደግሞስ በዚህ ዕድሜ ስለ ጥንቸል ማንበብ ማን ይወዳል?

መጀመሪያ ድምፅ ያለው መማሪያ ይኑራት። ግዢው ላይ አንድ ነገር እዪ። በስፓኒሽ ዕድሜ ሲነገር «ቴንጎ ካቶርሴ አኞስ» ነው፤ ቃል በቃል «14 ዓመታት አሉኝ» ማለት ነው። ጥሩ መጽሐፍ ይህን በሁለት ልጆች ጭውውት ውስጥ ያመጣዋል። ገና በምዕራፍ አንድ የግስ ሠንጠረዥ የሚደረድረውን ተዪው፤ ልጅ ያባርራል።

ጥቂት ወር ከተማረች በኋላ ለቋንቋ ተማሪ የተጻፉ አጫጭር ልቦለዶችን ጨምሪላት። ሽፋኑ ላይ «ኤ1» የሚል ፈልጊ፤ ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች የመጀመሪያው ነው። መሃሉን ገልጣ አንድ ገጽ ታንብብ። በየመስመሩ የምትደናቀፍ ከሆነ ይቆያት። ታሪኩን ግን ራሷ ትምረጥ፣ በዚህ አልደራደርም!

አንድ ነገር ልጨምር፦ የስፔን መጽሐፍ ጓደኞችን «እናንተ» ሲል «ቦሶትሮስ» ይላል፤ የላቲን አሜሪካው «ኡስቴዴስ»። ሁለቱም ልክ ነው፤ ለጅማሬው ግን በአንዱ ትጽና።