ተስቦ የትኛው ነው? ታይፎይድ ወይስ ታይፈስ?

ጥያቄ፦ አንድ የጤና በራሪ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ታይፎይድ» እና «ታይፈስ» አንድ ገጽ ላይ መጡብኝ። አንዱ ጓደኛዬ ሁለቱም ተስቦ ናቸው አለኝ። ሌላው ደግሞ አማርኛ ለበሽታ ትክክለኛ ስም ስለሌለው እንግሊዝኛውን እንዳለ ጻፈው ይላል። የቱን ልስማ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጓደኛዎ ልጀምር። እሱ ያነሳው ነገር ለዓመታት ስከራከርበት የኖርኩት ነው። «አማርኛ ለበሽታ ስም የለውም፣ የፈረንጁ ግን ቁርጥ ያለ ነው» የሚሉ ሰዎች የፈረንጁን ስም ገልጠው ያዩት አይመስለኝም። ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሰል» ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሥሩን እንከተለው። «ቲፎስ» በጥንቱ ግሪክኛ ጭስ ነው። ትኩሳቱ ጸንቶበት የሚቃዥና ልቡናው የደፈረሰ በሽተኛ በዚህ ቃል ተገለጸ። «ኦይድ» የሚለው ቅጥያ ደግሞ ከ«ኤይዶስ» ይመጣል፤ መልክ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሉዊ እ.ኤ.አ. በ1829 ስለ በሽታው ሲጽፍ «ቲፎይድ» አለው፤ ታይፈስን ይመስላልና። ሁለቱ የየራሳቸው በሽታ መሆናቸውን አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ገርሃርድ በፊላደልፊያ ያሳየው በ1837 ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጄነር ለንደን ላይ ያንኑ ያጸናው ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሽታዎቹ ተለያዩ፣ ስሞቹ ግን እንደተመሳሰሉ ቀሩ። ጀርመኖችማ እስከ ዛሬ «ቲፉስ» የሚሉት እኛ ታይፎይድ የምንለውን ነው። ታይፈስን «ፍሌክፊበር» ይሉታል፣ የነጠብጣብ ትኩሳት እንደማለት። ፍራንክፈርት የሚኖር ወገናችን ለሐኪሙ «ታይፈስ ይዞኝ ነበር» ቢል ሌላ በሽታ ይጻፍበታል። ስለዚህ የፈረንጅ ስም ሁሉ በልክ የተሰፋ ነው የሚለውን አልቀበልም።

አሁን ወደ ተስቦ እንምጣ። በእኔ ንባብ ቃሉ ከ«ሳበ» የወጣ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ተሳበ፣ ተስቦ። ቦዝ አንቀጹ ስም ሆኖ ቆሟል። እየተሳበ ከሰው ወደ ሰው፣ ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ሕመም ነው። የግሪኩ ስም ስለ በሽተኛው መቃዠት ይነግረናል። የእኛው ስለ መዛመቱ ይነግረናል። እኔ የእኛውን አስበልጣለሁ። ግርሻንም ተመልከቱት። ትኩሳቱ ይለቅና ተመልሶ ያገረሻል፤ ስሙ የበሽታውን ጠባይ በአንድ ቃል ይዞታል። እንዲህ ያለ ቃል ያለው ቋንቋ ስም የለውም ሲባል ያንገበግበኛል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጓደኛዎም አልዳነም። ተስቦን ብቻውን መጻፍ አደጋ አለው። ታይፈስን የሚያስተላልፈው የሰውነት ቅማል ነው። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ላይ አረጋግጦ በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ታይፎይድ ግን የሚገባው በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። ወረቀቱ «ከተስቦ ይጠንቀቁ» ብቻ ካለ አንባቢው ምን ያድርግ? ልብሱን ይቀቅል ወይስ ውሃውን ያፍላ?

መለያ ያስፈልጋል። ለታይፎይድ «የአንጀት ተስቦ» የሚል ስም አለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪሞችም ይህንኑ በሽታ «ኤንተሪክ ፊቨር» ይሉታል፤ «ኤንተሮን» ደግሞ በግሪክኛ አንጀት ነው። የእኛው ከእነሱ በምን ያንሳል? ለታይፈስ እኔ «የቅማል ተስቦ» ብዬ እጽፋለሁ። «ግርሻም እኮ በቅማል ነው የሚመጣው» የሚል ተከራካሪ አለ። እውነት ነው። ግርሻ ግን የራሱ ስም ስላለው አይምታታም።

እዚህ ላይ ሳልወድ የምቀበለው ነገር አለ። ዛሬ የአንጀት ተስቦ ይዞኛል የሚል ሰው ብዙም አይገኝም። ደም ተሰጥቶ ውጤት ሲመጣ የሚባለው «ታይፎይድም ታይፈስም ተገኝቶብሃል» ነው። ሰፈር ውስጥ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ሲባል እንሰማለን። ቃሉ የእኛን አገናዛቢ ቅጥያ ለብሷል፤ የእኛን ግስ ይዟል። እንዲህ የሆነን ቃል እንግዳ ነህ ብሎ ማባረር አይቻልም።

ነቀርሳ ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል፤ እንዲያውም የከፋ ነው። የጡት ነቀርሳ ሲባል ካንሰር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ግን ቲቢ ነው። «ካንሰር ማለት ነቀርሳ ነው» ብሎ የሳንባ ካንሰርን «የሳንባ ነቀርሳ» ያለ ተርጓሚ በሽተኛውን ሌላ በሽታ ሰጠው ማለት ነው። ነቀርሳን እወደዋለሁ። እዚህ ቦታ ግን «የሳንባ ካንሰር» ብለው ይጻፉ።

ለወረቀትዎ የምመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ ሲጠቅሷቸው «ታይፎይድ ወይም የአንጀት ተስቦ»፣ «ታይፈስ ወይም የቅማል ተስቦ» ይበሉ። ከዚያ በኋላ ታይፎይድና ታይፈስ ብለው ቢቀጥሉ አልቃወምም። «ታይፎስ» ብለው ግን አይጻፉ። አፋችን የሚለው «ፈስ» ነው። ደግሞም በደቃቅ ፊደል በታተመ ወረቀት ላይ ታይፎስና ታይፎይድ በ«ፎ» ሲገናኙ የደከመ ዓይን አንዱን በሌላው ያነባል።