«ተበላሸ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ጎንደር ላይ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለምታጠኑ ልጆቼ፦

በሐምሌ አንድ ቀን አዘዞ ላይ በረዶ ወረደ። ከቆርቆሮው ተንሸራቶ ግድግዳው ሥር የተከመረውን የልጅ ልጄ በማንኪያ ልትዝቅ ሄደች። ሲወርድ ሽምብራ የሚያህል፣ እየተንከባለለ የሚሸሽ ፍሬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ስትመለስ ማንኪያው አልገባ አለ፤ ክምሩ ጓል ሆኗል። «አባባ፣ ቀልጦ ነው?» አለችኝ። ቢቀልጥማ ውኃ ሆኖ ይፈስ ነበር። ፍሬዎቹ የተያያዙት በተነካኩበት በኩል ብቻ ነው።

እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ፍሬዎች በዓይን የማይታዩ መሆናቸው ነው። 3 ናኖሜትር የሆነ የካድሚየም ሰሌናይድ ክሪስታል በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ 20 ሺህ ያህሉ ይደረደራል። ይህ ሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያሳልፍ ቁስ) 2 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያበራል፣ 6 ሲደርስ ቀይ ይሆናል። ቁሱ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ። ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭ እ.ኤ.አ. በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በእነዚህ ኳንተም ዶት በሚባሉ ፍሬዎች ነው።

ሙቀት ሲነካቸው ነው ጉዳቸው የሚወጣው። በትልቅ ክሪስታል ውስጥ አብዛኛው አተም ዙሪያውን በጎረቤት የታጠረ ነው፤ በትንሹ ግን ከሲሶ ያላነሰው ዳር ላይ ነው። ዳር ያለ አተም ደግሞ በአንድ ወገን የሚይዘው ስለሌለው በጥቂት ሙቀት ይነቃነቃል። 1400 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚቀልጠው ካድሚየም ሰልፋይድ በናኖ መጠን ሲሆን ከግማሽ በታች በሆነ ሙቀት እንደሚቀልጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ታይቷል። ለመጣበቅ ግን መቅለጥ እንኳ አያሻም። ክሪስታሎቹ በምግብ ዘይት ውስጥ ከሚገኘው ኦሌይክ አሲድ የተሠራ ሽፋን ለብሰው ይቆያሉ፤ ሽፋኑ በሙቀት ሲነሳ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የአተሞቻቸው ረድፍ ከገጠመ አንድ ክሪስታል ይሆናሉ፤ ካልገጠመ ዞር ዞር ብለው የሚገጥሙበትን ይፈልጋሉ። ሊ ፔንና ጂሊያን ባንፊልድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ አሳይተዋል። ሳይገጥም የተጣበቀ ግን መጋጠሚያው ላይ ጠባሳ ይቀርበታል፣ ኤሌክትሮንም እዚያ ይጠመዳል።

እሳቱን ቀስ ማድረግ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ወለቃ ወርዳችሁ ሸክላ ሠሪዎቹን ጠይቁ፤ ከእኔ የተሻለ ያስረዷችኋል። በደንብ ያልደረቀ ጀበና እሳት ውስጥ ቢገባ ይፈነዳል። ክሪስታሎቹን መስታወት ላይ አንጥፈን የምንሠራው የእኛም ስስ ንጣፍ ሽፋኑ በአንዴ ሲወጣ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ከልክ በላይ ካሞቅነው ደግሞ ትንንሾቹ እየሟሙ ትልልቆቹን ያወፍራሉ፤ የደከምንበት መጠን ይጠፋል።

በወጣትነቴ በአንድ ላብራቶሪ (ስሙን ልተወው) ብርቱካናማ ንጣፍ አሙቅ ተብዬ ታዘዝኩ። አለቃዬ ችኩል ሰው ነበሩ፤ እኔም እሳቸውን ፈርቼ ማሞቂያውን ከፍ አደረግሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ መስታወቱ ላይ ያለው ጥቁር ቡናማ ሆኗል። አንገቴን ደፍቼ ካድሚየም በሚከማችበት ዕቃ ውስጥ ጣልኩት። (በነገራችን ላይ ካድሚየም መርዝ ነው፤ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት፣ ውኃ መውረጃ ውስጥም አትድፉት።)

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የገባኝ። የጠቆረው ክሪስታሎቹ ተጋጥመው ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ስለጀመረ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ንጣፍ ደግሞ ወራት ሙሉ ስንፈልገው የከረምነው ነገር ነው! ስንጥቅ ኖሮበት ይሆናል፣ ላይኖረውም ይችላል፤ በማይክሮስኮፕ አላየሁትም። ሁለት ሽቦ አስነክቼ መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የዚያን ቀን ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለ። ስንት ዲግሪ እንደነበረ አልጻፍኩም፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየም የለም። ከቀኑ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ተበላሸ»።