ወሬውን ያላመነ፣ እውነቱንስ አመነ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ነክ መረጃ የምናሠራጭባቸው ሁለት የቴሌግራም ግሩፖች አሉን። በአንዱ «ከማጋራትዎ በፊት እውነት መሆኑን ያረጋግጡ» የሚል ማሳሰቢያ ለጠፍን፤ በሌላው ምንም አልለጠፍንም። ማሳሰቢያው ባለበት የሚጋራው ወሬ ቀነሰ። ሠርቷል ማለት እንችላለን? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አትችሉም። በየግሩፑ ብዙ መቶ አባል ቢኖርም እናንተ ያነጻጸራችሁት ሁለት ግሩፕ ብቻ ነው። አንዱ በመምህራን፣ ሌላው በታይዋን ገበያ ነጋዴዎች የተሞላ ከሆነ ልዩነቱ ከማሳሰቢያው በፊትም ነበረ። ሰዓቱም ያሳስታል። ጠዋት ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያጋራውና ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ሰው የሚያጋራው አንድ አይደለም።

ማን ማሳሰቢያውን እንደሚያይ በዕጣ ይወሰን፤ ዕጣውም በግሩፕ ሳይሆን በሰው ይውጣ። ለሁሉም ወደ አንድ የኢንተርኔት መጠይቅ (ፎርም) የሚወስድ ሊንክ ላኩ፤ ሰውየው ሲከፍተው ፎርሙ ራሱ ማሳሰቢያ ወዳለው ወይም ወደሌለው ይመድበው።

ስለ ማሳሰቢያው አባባልም አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ከዚያ በፊት አጠራጣሪ ድረ ገጾችን ያጋሩ ለነበሩ 5,379 የትዊተር ተጠቃሚዎች አንድ መልእክት ተላከ። መልእክቱ ስለ አንድ ተራ ርዕሰ ዜና «ይህ ትክክል ይመስልዎታል?» ብሎ ከመጠየቅ ያለፈ ነገር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ያጋሯቸው የዜና ምንጮች ጥራት በመጠኑ ተሻሻለ። ምክር የሰለቸው ሰው ለጥያቄ ያስባልና፣ እናንተም ምክሩን ወደ ጥያቄ ለውጡት።

ጥያቄ፦ ለወጣቶች ስለ ሐሰተኛ መረጃ የአንድ ሰዓት ሥልጠና ሰጠን። በመጨረሻ 10 ሐሰተኛ ወሬዎች ስናቀርብላቸው ካልሠለጠኑት ይልቅ ብዙዎቹን «ውሸት ነው» አሉ። ውጤቱን ያየው ገምጋሚ ግን አልረካም። ለምን? (ከሐረር)

መልስ፦ ገምጋሚው ልክ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ሁሉንም «ውሸት» የሚል ሰው በእናንተ ፈተና ከ10 10 ያገኛል።

እኛ አካባቢ ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ነው ብሎ ላደገ ሰው «ከተማ ውስጥ፣ በርሜል ላይ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ የሚራባ የወባ ትንኝ አለ» ቢሉት ወሬ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ድሬዳዋ ውስጥ ከተቀሰቀሰው ወባ ጋር ግንኙነት እንዳላት ተረጋግጧል። ሥልጠናችሁ ሰውን ሁሉን ተጠራጣሪ ካደረገው፣ ይህን መልእክት ከሐሰተኛው ጋር ደባልቆ ይጥለዋል፤ በርሜሉም ሳይከደን ያድራል።

ስለዚህ እኩል ቁጥር አቅርቡ፦ 8 እውነት፣ 8 ሐሰት። ርዝመታቸው፣ የፎቷቸው ጥራትና የምንጩ አቀራረብ ይመሳሰል። ሐሰተኞቹ ሁሉ በቃለ አጋኖ ተሞልተው እውነቶቹ ደረቅ መግለጫ ከሆኑ የምትለኩት ቃለ አጋኖ የመለየት ችሎታን ነው። ከእውነቶቹ ሁለት ሦስቱ እንደ ትንኟ ለጆሮ እንግዳ ይሁኑ። ቅደም ተከተላቸው ለየሰው ይቀያየር።

ውጤቱን እንዲህ አስሉ። ያልሠለጠኑት ከእውነቶቹ 70 በመቶውን፣ ከሐሰቶቹ 40 በመቶውን አመኑ እንበል፤ ልዩነቱ 30 ነው። የሠለጠኑት ደግሞ 50 እና 20 በመቶ ቢያምኑ ልዩነቱ ያው 30 ነው። የመለየት ችሎታቸው አልጨመረም፤ የጨመረው ጥርጣሬያቸው ነው። ይህ በእናንተ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሰዎችን ከሐሰተኛ መረጃ «ይከትባሉ» የተባሉ ታዋቂ የኮምፒውተር ጨዋታዎች መረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ሲተነተን ተመሳሳይ አዝማሚያ ታይቷል።

ጥያቄ፦ ማሳሰቢያ ወሬ ማጋራትን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት፣ ለመመረቂያ ጥናቴ 60 ሰው በጎግል ፎርም ለመጠየቅ አስቤአለሁ። ይበቃል? (ተማሪ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በሁለት ሲከፈል በየቡድኑ 30 ሰው ነው። በዚህ ቁጥር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚታየው በቡድኖቹ መካከል ከመቶ 30 ነጥብ ያህል ልዩነት ሲኖር ነው፤ ከአንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ይህን ያህል አይጠበቅም። ወሬውን አጋራለሁ የሚለውን ሰው ከ30 ወደ 20 በመቶ ያወርዳል ብለው ከጠበቁ በየቡድኑ ወደ 300 ሰው ያስፈልግዎታል፤ ወደ 25 ከሆነ ወደ 1,250። አንድ ሰው ከላይ እንዳልነው 16 ጥያቄ (8 እውነት፣ 8 ሐሰት) መመለሱ ልኬቱን ያጠራዋል፤ ግን የአንድ ሰው መልሶች ስለሚመሳሰሉ እንደ 16 ሰው አይቆጠሩም።

ጎግል ፎርም ተሳታፊን ራሱ በዕጣ አይመድብም። ኮቦ ቱልቦክስ (KoboToolbox) የተባለው የመጠይቅ መተግበሪያ ይችላል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። ዕጣ የሚያወጣውን «ራንደም» (random) የሚለውን ትእዛዝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ በሚያደርገው «ዋንስ» (once) ውስጥ ያስገቡት። ካላስገቡት ፎርሙ እንደገና ባሰላ ቁጥር አዲስ ዕጣ ሊያወጣና ሰውየውን ከጀመረበት ቡድን ሊያዘዋውረው ይችላል።

ከዚያ አቋርጠው የወጡትን በየቡድኑ ይቁጠሩ። ማሳሰቢያው ከባድ ቪዲዮ ሆኖ የደካማ ኔትወርክ ተጠቃሚዎች ከዚያ ቡድን ብቻ ከወጡ፣ በመጨረሻ የሚያነጻጽሩት የተለያየ ሕዝብ ነው። ለሁለቱም ቡድን ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ነገር ያሳዩ። የአፋን ኦሮሞና የሶማሊኛ ቅጂ ካዘጋጁ ደግሞ ዋናውን ያላየ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ይተርጉምልዎ፤ ሁለቱን አማርኛ ጎን ለጎን ሲያነቡ ግድፈቱ ይታያል።

ጥያቄ፦ ለተሳታፊ የሞባይል ካርድ እንስጥ? ወሬዎቹንስ ራሳችን ብንፈጥር? (ከሐረር)

መልስ፦ ለእያንዳንዱ መልስ ካርድ ከሰጣችሁ ባለ ሁለት ሲሙ ሁለቴ ይሞላል። በዕጣ ለጥቂቶች መስጠት ይሻላል። ስልክ ቁጥሩን በሌላ ፎርም ሰብስቡ፤ ከመልሱ ጋር አንድ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ወሬ ግን አትፍጠሩ። ቀድሞውኑ የሚዘዋወረውን ተጠቀሙ፤ ብሔርና ሃይማኖት የሚነካውንም ተዉት። የጤናና የማጭበርበሪያ ሊንክ ወሬ ይበቃችኋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ስለሚመለከት ዕቅዱ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሂድ።

እርማቱን በፎርሙ መጨረሻ ገጽ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። መሐል ላይ አቋርጦ የወጣ ሰው ወሬውን ይዞ ነው የሚሄደው። መጠይቁን በቴሌግራም ቦት ካካሄዳችሁ፣ ያልጨረሱትን ጨምሮ ለጀመሩት ሁሉ በማግስቱ የትኛው ሐሰት፣ የትኛው እውነት እንደነበር ከምክንያቱ ጋር ላኩ።