ዋናው ሰርቨር ፓች ተደርጓል፤ የቅርንጫፉስ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው፦ «ተራ ዩዘር የዶሜይን አድሚን የሚሆንበት የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ክፍተት እኛንም ይመለከተናል ወይ? ዋናው መሥሪያ ቤት ያለውን ዶሜይን ኮንትሮለር አፕዴት አድርገናል፣ ይበቃል?» ነው ያልከው። (አክቲቭ ዳይሬክተሪ የድርጅቱን ዩዘሮችና ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድር የማይክሮሶፍት ሲስተም ነው፤ ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ፣ ዶሜይን ኮንትሮለር ሲስተሙን የሚያስኬደው ሰርቨር፣ ዶሜይን አድሚን ሁሉን የሚያዝ አካውንት፣ ፓች ደግሞ ክፍተት የሚደፍን አፕዴት ነው።) አይበቃም። አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ከቀረህ አጥቂው እሱኑ ይጠቀማል።

ያነሳኸው «ኖፓክ» የሚሉትን ነው፤ በመለያ ቁጥራቸው ሲቪኢ-2021-42278 እና 42287 የተባሉ ሁለት ክፍተቶች ተጣምረው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን የለቀቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2021 ሲሆን፣ ማጥቂያ ኮዱ በዲሴምበር ለማንም ክፍት ሆነ። ክፍተቱን ያገኘው ከሳምባ (ዶሜይን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ገንቢዎች አንዱ የሆነው አንድሪው ባርትሌት ነው። ሳምባም በዚያው ቀን የራሱን ማስተካከያዎች ስላወጣ፣ ዶሜይናችሁን በሊኑክስ ላይ የምታስኬዱም ቨርዥናችሁን እዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተር አካውንት ስም መጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ይኖረዋል፤ ከፓቹ በፊት ግን ሲስተሙ ይህን አያስገድድም ነበር። ማንኛውም ዩዘር ደግሞ ካልተከለከለ በቀር እስከ 10 ኮምፒውተር ወደ ዶሜይኑ ማስገባት ይችላል። አጥቂው አንድ የኮምፒውተር አካውንት ይፈጥርና ስሙን ልክ እንደ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ያደርገዋል፣ ዶላሩን ትቶ። በዚያ ስም የከርቤሮስ ቲኬት (ማንነትን የሚያረጋግጥ የኔትወርክ መግቢያ) ይወስዳል፤ ወዲያው ስሙን ወደ ድሮው ይመልሳል። ከዚያ ያንኑ ቲኬት ይዞ፣ በአድሚኑ ስም ለራሱ የሚሆን ሌላ ቲኬት ይጠይቃል። ኬዲሲው (ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ቲኬት ሰጪ) በስሙ ቢፈልግ የለም። ሲያጣው በራሱ ዶላር ጨምሮ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም እውነተኛውን ዶሜይን ኮንትሮለር ነው፤ ቲኬቱንም በእሱ ቁልፍ አሽጎ ይሰጣል። ሞክሼ መሆኑን ብቻ አይቶ የሌላ ሰው ደመወዝ እንደሚከፍል ገንዘብ ያዥ በለው።

ወደ እኔ ልምድ ስመጣ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ድርጅት ውስጥ ይህንኑ ስንፈትሽ የአፕዴት ሪፖርቱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ዋናው ሰርቨር ላይ ግን ሲስተም ሎጉ ውስጥ ኢቨንት 37 (ማን እንደጠየቀው የማይገልጽ ቲኬት ሲመጣ የሚመዘገብ) ይደጋገማል። መልእክቱን ከፍተህ ወደ ታች ብትወርድ ቲኬቱን የሠራው ዶሜይን ኮንትሮለር ስም ተጽፏል፤ የክልል ከተማ ቅርንጫፍ ሰርቨር ሆኖ ተገኘ። መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይሄዳል፣ ሲመጣም መስመሩ ቀጭን ስለሆነ አፕዴቱ ሳይወርድ ይቋረጣል። ሪፖርቱ ላይ ቀይ ያልሆነው ጭራሽ ስለማይታይ ነው። ስለዚህ ሪፖርት አትመን፤ ዶሜይን ኮንትሮለሮችህን ራሱ አክቲቭ ዳይሬክተሪው ውስጥ ካለው ዝርዝር አውጣና አንድ በአንድ ግባባቸው። 37 የሚደጋገም ከሆነ ፓች ያልተደረገ ሊኖርህ ይችላል። 38 ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል፤ የቲኬቱ ጠያቂና ስሙ አልተገጣጠሙም፣ ቁጭ ብለህ መርምር።

ሌላ ቦታ ደግሞ ፓቹ ገብቶ ተነስቶ አግኝቼዋለሁ። የኖቬምበሩ አፕዴት አንዳንድ ሎጊኖችን አበላሽቶ ስለነበር ማይክሮሶፍት ኖቬምበር 14 አስቸኳይ ማስተካከያ አውጥቷል። እዚያ ቤት አንዱ አፕዴቱን አንስቶ ችግሩ ስለተፈታለት በዚያው ተረሳ።

ቀድሞ ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ የሴኩሪቲ ሎጉን እይ። 4741 የኮምፒውተር አካውንት ሲፈጠር፣ 4781 ስም ሲቀየር፣ 4743 ሲሰረዝ የሚመዘገቡ ናቸው። የምትፈልገው 4781 ላይ የድሮው ስም ዶላር ኖሮት አዲሱ ስም የሌለው፣ በተለይ አዲሱ ስም የሰርቨርህ ከሆነ። ይህ በሁሉም ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ መታየት አለበት፤ ሎጉ ትንሽ ከሆነም አሮጌው ተደምስሶ ይሆናልና ባዶ መሆኑ ብቻ አያጽናናህ።

ማንኛውም ዩዘር 10 ኮምፒውተር እንዲያስገባ የሚፈቅደውን ኮታ ዛሬውኑ ዜሮ አድርገው። ኤዲኤስአይ ኤዲት የሚባለውን የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ማረሚያ ከፍተህ የዶሜይኑ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ማሽን አካውንት ኮታ» የሚለውን ታገኛለህ። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተር ጆይን ለሚያደርጉት የአይቲ ልጆች በአንድ ኦዩ (አካውንቶች የሚቀመጡበት የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ክፍል) ላይ ፈቃድ ስጣቸው፤ አለዚያ ሰኞ ጠዋት ስልክህ አያርፍም። ዜሮ ማድረግ ግን የፓቹ ምትክ አይደለም፤ በነባር የኮምፒውተር አካውንት ላይ የመጻፍ መብት ያለው ሰው ያንኑ ዘዴ መጠቀም ይችላል። በኮታው የገቡትን ለመለየት ክሪኤተር ሲድ (የፈጣሪው ዩዘር መለያ) የሚለው ቦታ ሙሉ የሆነባቸውን አካውንቶች አውጣ። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ የፈጠረችው ኮምፒውተር ካገኘህ ጠይቃት፤ ብዙ ጊዜ ፓስወርዷን የሰጠችው ሰው አለ።

ጥቃት መድረሱን ካረጋገጥክ ፓች ማድረጉ ብቻ ዋጋ የለውም፤ የከርብቲጂቲን (ቁልፉ ለዶሜይኑ ቲኬቶች ማሸጊያ የሆነውን አካውንት) ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ቀይር፣ በመሃሉ የቲኬቱ ዕድሜ (በነባሪው 10 ሰዓት) እስኪያልፍና ለውጡ ቅርንጫፎቹ ጋ እስኪደርስ ጠብቅ። ሰርቨርህ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው? ለእሱም ፓቹ ወጥቶ ነበር፣ ግን ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2023 አብቅቷል። 37 ላይ የምታገኘውን የሰርቨር ስም ሸፍነህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።